ይግባኙ እስከ ዓርብ

ሰኞ
ጋሽ ለማ ከክሱ ወጣ። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ በቃ። ጠበቃችን ኖምሳ በስልክ አነበበችልኝ።

ቤሪያ ሰፈር የነበርንበት ፎቅ ሲቃጠል የኋላው መውጫ በሰንሰለት ተቆልፎ ነበር። የእሱ ሚስት እዚያ ሞተች። እህቴ ትዕግስትም። ሁላችንንም ወክሎ በሕንፃው ባለቤት ላይ የፈረመው ለማ ነው። ፍርድ ቤቱ "በጋራ መክሰስ አትችሉም፣ እያንዳንዳችሁ ለየብቻ" ሲለን፣ ይግባኝ እንበል ያለውም እሱ።

"ይግባኝ ላይ አይደለንም እንዴ? ምን ያስቸኩላል?" አልኳት ኖምሳን።

"ይግባኝም የራሱ ቀን አለው" አለችኝ። እስከ ዓርብ መዝገቡ ተሟልቶ፣ በለማ ፋንታ ሌላ ወካይ በመሐላ ፈርሞ መግባት አለበት። ካለፈ ይግባኙ ይወድቃል። እንደገና ለማስነሳት የዘገየንበትን እያንዳንዱን ቀን ለዳኞች ማስረዳት ነው።

ማክሰኞ
አብረውን ለከሰሱት ስደውል ዋልኩ።
አስቴር፦ ባሏ አይፈቅድም።
የማላዊዎቹ ቤተሰብ፦ አገራቸው ገብተዋል።
ፓስተሩ፦ "እጸልያለሁ።" ይጸልይ። ፊርማውስ?

እኔ ቀረሁ። የጥገኝነት ወረቀቴ ጊዜው ካለፈ ሦስት ሳምንቱ። አድሱልኝ ብዬ ኢሜይል ልኬ መልስ የለም። ከተማ ውስጥ ብርድ ልብስ ስሸጥ እንኳ ፖሊስ ካየሁ ሱቅ ውስጥ ገብቼ የምደበቅ ሰው፣ ስሜን በመዝገብ አናት ላይ?

ረቡዕ
ከሥራ ቀርቼ ለማ ጋ ሄድኩ። ትሮይቪል የሚባል ሰፈር ነው። ቤቱን የሰጠው ያው የተቃጠለው ፎቅ ባለቤት ነው።

"ሸጥከን" አልኩት ገና በሩ ላይ።

አልተቆጣም። ሁለቱ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ይጫወታሉ። "ምድር ቤት ነው" አለኝ። "መስኮቱን እይው። ልጆቹ ራሳቸው ዘለው መውጣት ይችላሉ።"

ይህ ነው የሚያናድደኝ። ልጠላው ሄጄ መስኮት አይቼ ተመለስኩ። ታክሲ ውስጥ ለኖምሳ ጻፍኩላት፦ እኔ እፈርማለሁ።

ሐሙስ
የራሷን ደንበኛ ኖምሳ ማስማል አትችልም። ፖሊስ ጣቢያ ላከችኝ። ስለ ወረቀቴ ነገርኳት። "አይጠይቁሽም ብዬ አልዋሽሽም" አለች። አብራኝ መጣች፣ ደጅ ላይ ስልክ ተደወለላትና ቀረች።

"ሳውቦና" አልኩት ፖሊሱን፣ በአገሬው ሰላምታ። "መታወቂያ" አለኝ። ሰጠሁት።

"ይሄ አልፎበታል።"

"አውቃለሁ። ጠይቄ መልስ አልሰጡኝም።"

ወረቀቴን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። አርባ ደቂቃ። ወንበሩ ላይ ሆኜ የማስበው ትዕግስትን አልነበረም፤ አልዋሽም። ማን ቁልፌን ወስዶ ዕቃዬን ከክፍሌ ያወጣልኛል እያልኩ ነበር።

ተመለሰ። ቃሌን አንብቦ ሲጨርስ እጄን አስነስቶ አስማለኝ። ማህተሙን መታ፣ ወረቀቴን መለሰልኝ። "አሳድሺው" አለ። ሌላ ምንም። ደጅ ወጥቼ ማህተም የተመታበትን ቃሌን ለኖምሳ ሰጠኋት።

ዓርብ
ገባ! ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሠላሳ ደቂቃ ሲቀረው። ኖምሳ መቀበያውን በስልክ ላከችልኝ። ስሜ አንደኛ ተጽፏል፣ ፊደሉ ተሳስቶ።

ደስታው አንድ ሰዓት አልቆየም። የባለቤቱ ጠበቆች ደብዳቤ ጻፉ፦ ይህች ሴት ሕጋዊ ወረቀት ስለሌላት ማንንም ልትወክል አትችልም። መልሳችን በአሥር ቀን። ሰንሰለቱን ማን ቆለፈው የሚል ጥያቄ እስካሁን አንድ ቀን እንኳ አልተቀጠረለትም። የእኔ ወረቀት ግን ወዲያው።

ቅዳሜ
ሆሳዕና ከተማ ላለችው እማዬ ደወልኩ።

"ፍርዱ ወጣ?"

"አልወጣም እማ። ግን አልተዘጋም። አሁን በእኔ ስም ነው።"



"ለማን ነግረሽ?" አለችኝ። "አንዷን እዚያ ቀብሬያለሁ።"

ላጽናናት አልሞከርኩም። ሰኞ ከኖምሳ ጋር መልሱን እንጀምራለን አልኳት። እሷም ያለሁበት ቤት ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አራተኛ ነው። ሁለተኛ አልኳት።