ኮምፓይለሩንም ባለቤታቸውንም የጠረጠሩት የጋሽ ምናልባት የሕይወት ታሪክ

በሰፈራችን «ጋሽ ምናልባት» እየተባሉ የሚጠሩት ጎረቤታችን ከሰዓት ሠሪው አባታቸውና ከአዋላጅ ነርሷ እናታቸው ኅዳር 9 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው «ይሄ ልጅ ሲወለድ እንኳ ቶሎ አላለቀሰም፤ መጀመሪያ ክፍሉን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ አየ» ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1969 ዓ.ም. በኤሌክትሮኒክስ በዲፕሎማ ተመረቁ። በአንድ የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ በቴክኒሻንነት ሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግለዋል፤ ኮምፒዩተር ሲመጣም ፕሮግራም መጻፍን ራሳቸውን አስተምረዋል። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለው ተረት ለእሳቸው የሥራ መመሪያ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ሁላችንም «እትዬ» ከምንላቸው ልብስ ሰፊ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። እትዬ «እሺ» ሲሏቸው «እርግጠኛ ነሽ? እስቲ ሦስት ቀን አስቢበት» ማለታቸውን የማያውቅ የለም።

በ2008 ዓ.ም. የእትዬ ጆሮ መድከም ጀመረ። ከሐኪም ቤት የተሰጣቸው መሣሪያ የስፌት መኪናውን ጩኸት እንጂ የሰውን ቃል አላጎላ አለ። ጋሽ ምናልባት ጠረጴዛው ላይ ማይክሮፎን ተክለው፣ የሰውን ድምፅ ለይቶ እያጎላ በጆሮ ማዳመጫ የሚያደርስ ፕሮግራም ጻፉላቸው። እትዬም ሰው ሲቀልድ እንደገና በሰዓቱ መሳቅ ጀመሩ።

በ2014 ዓ.ም. ግን አሮጌው ኮምፒዩተር ተቃጠለ። የተጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው የሚለውጠው፣ ኮምፓይለር የሚሉት ነገር በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ አዲስ ነበርና ሁለት መቶ አሥራ አራት ስህተት ደረደረባቸው። የድሮው ኮምፓይለር በኮዱ ውስጥ አስቀድሞ ያልተዋወቀውን ስም እንዳልተጠራ እንግዳ ዝም ብሎ ያስገባ ነበር፤ አዲሱ እያንዳንዱን በስም ካልጠራችሁልኝ አላሳልፍም አለ። ሁለት ወር ሙሉ አንዱን ክፍል ባስተካከሉ ቁጥር ማይክሮፎኑን መስኮት ላይ አድርገው ሲሞክሩ ያየን ጎረቤቶች፣ ምን ይደበቃል፣ ወሬያችንን የሚቀዱ መስሎን ጠረጠርናቸው። ጸጉር አስተካካዩማ በመስኮታቸው ሥር ሲያልፍ ሳሉን እንኳ ይውጥ ነበር።

የልጃቸው ባል «አባባ፣ ማስጠንቀቂያውን ዝም ያሰኙትና ይለፍ» ቢላቸው፣ «የሚጮኸውንስ አወቅሁት፤ የምፈራው ዝም ያለውን ነው» አሉት። አንድ በአንድ አርመው ስህተቱ ዜሮ ሆነ። እትዬ ማዳመጫውን አጥልቀው «ይሰማኛል፣ እንደ ድሮው ነው» ሲሉ ቤተሰቡ አጨበጨበ። ጋሽ ምናልባት ብቻ አላጨበጨቡም።

በሳምንቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ በለሆሳስ «ቤቱ በእሳት ተያይዟል» አሉ። እትዬ ማዳመጫውን እንዳጠለቁ፣ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ በዓይናቸው ጥግ አይተዋቸው «እሺ የኔ ጌታ፣ ደግ አደረግህ» አሏቸው። ለካ ባላቸው እንዳይከፋቸው ብለው፣ የሰው ከንፈር እያዩ የሰሙ መስለው ነው የከረሙት!

ጥፋቱ የራሳቸው የጋሽ ምናልባት ነበር። ኮምፓይለሩ አንድ ቦታ ላይ ክፍልፋይ ቁጥር አልቀበልም ብሎ ሲነጫነጭ፣ እሱን ለማስታገስ ወደ ሙሉ ቁጥር ቀይረውት ነበር። ከነጥቡ በኋላ ያለው ሲቆረጥ ጮክ ያለው ድምፅ አለፈ፤ ለስለስ ያለው ሁሉ ዜሮ ሆኖ ቀረ። ያቺን መስመር አስተካክለው ያንኑ ቃል ከበፊቱም ዝቅ ባለ ድምፅ ሲደግሙት፣ እትዬ «ኡኡ! የቱ ጋ?» ብለው ባልዲ ይዘው ወጡ። እኛም ተሯሩጠን ገብተን እውነቱን ያወቅነው ያን ቀን ነው። በሐሜታችን አፍረናል።

ጋሽ ምናልባት ባደረባቸው የጉሮሮ ሕመም አንድ ዓመት ሲታከሙ ድምፃቸው ወደ እስትንፋስ ወረደ። ሐኪሞቹ ጎንበስ ብለው ያልያዙትን ቃል እትዬ ማይክሮፎኑን አልጋው ራስጌ አስተክለው፣ ማዳመጫቸውን አጥልቀው ከወንበራቸው ሆነው ይደግሙላቸው ነበር። ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ሲያርፉ የመጨረሻ ቃላቸውን የሰሙት እትዬ ብቻ ናቸው። ምን እንዳሉ ብንጠይቃቸው «የኔ ነው» ብለውናል።

ከባለቤታቸው ሌላ ሁለት ልጆችንና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለእትዬም ያን ቃል በልባቸው እየደጋገሙ የሚሰሙበት ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።