ሳላስበው በሕፃኗ ጆሮ የጠራሁት ስምሽ

በቅድሚያ የቤታችን ታላቅ ለሆንሽው ለውድ እኅቴ ለእትዬ ዬተር፤ ቀጥሎ ይህን ወረቀት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለምታነብልሽ ለልጅሽ ለሴቪም፤ ከዚያም እንደ ወንድ ልጅ ለሚጦርሽ ለአማችሽ ለቱርጉት፤ በመጨረሻም የነርስነት ትምህርቱን ለሚከታተለው ለልጅ ልጅሽ ለኤረን፣ ለሁላችሁም እንደየዕድሜያችሁና እንደየክብራችሁ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የአላህ ሰላምና እዝነት ከቤታችሁ አይራቅ።

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃውን እሺ ብሎ ይወጣል ወይ? የብሬመን ዝናብ አጥንትሽን አላስቸገረውም? ሴቪም በላከችው ፎቶግራፍ ላይ ያለ ምርኩዝ ቆመሽ ሳይ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ሐኪሙ የሰጠሽን የጆሮ መስሚያ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽበታል የሚል ወሬ ደርሶኛልና በዚህ አዝኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የደም ግፊቴ አንድ ቀን ይታዘዛል፣ አንድ ቀን ያምፃል። ባለፈው ስደውልልሽ አንቺ «ማነው? ማነው?» ስትዪ፣ እኔም ጎረቤት እስኪሰማ ስጮህ ሳንግባባ ዘጋን። አሁን የምነግርሽ ነገር በጩኸት የሚባል ስላልሆነ ብዕር አነሣሁ።

ባለቤቴ ሙዜየን ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኛል። የሻይ ማንቆርቆሪያውን ዛሬም በእሷ ልክ እሞላዋለሁ፤ የተረፈውን ለጽጌረዳዎቹ አፈስሳለሁ። ጽጌረዳ ሻይ እንደሚወድ የተረዳሁት በዚህ ምክንያት ነው። በአደባባዩ ሻይ ቤት ከእኩዮቼ ጋር እንቀመጥበት የነበረው ጠረጴዛ አሁን ጎረቤታችን ሳትልሚሽና እኔ ብቻ የምንሻማበት ሆኗል። የከተማውን ቁልፍ ካስረከብኩ ብዙ ዘመን ቢሆንም ሰዉ አሁንም «ከንቲባችን» ይለኛል፤ ክብሩን አመሰግናለሁ። ዳሩ ግን እትዬ፣ በዚህ ዓለም ላይ «ዱርሱን» ብሎ በስሜ ብቻ የሚጠራኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ። ይህን ያስተዋልኩት ሙዜየንን ቀብረን ስንመለስ ነበር።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከስተኔ የሚባለው የጫካ ለውዝ በሚለቀምበት ሰሞን ልጄ ኦርሁን ሦስተኛ ልጁን አገኘ፤ ሴት ናት፣ ጤነኛ ናት፣ ፀጉሯ ጥቁርና ብዙ ነው። ኦርሁንና ሚስቱ ኤብሩ «ስሟን የቤቱ ታላቅ ይጥራላት» ብለው ሁለቱን ትልልቅ ሴቶች ልጆቻቸውን ዱሩንና ኤላን አስከትለው ከአንካራ ድረስ መጡ። የኤብሩ እናት ኔርሚን ሃኒምም አብራ መጣች። ስሙን አስቀድመው መርጠው ነበር፤ ኢርማክ፣ ወንዝ ማለት ነው። መልካም ስም ነው ብዬ ተስማማሁ። ቤቱ በሰው ድምፅ ሲሞላ ደግሞ የመጡበትን ጉዳይ ረስቼ በመምጣታቸው ብቻ ስፈነድቅ ሰነበትኩ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዘመድና ጎረቤት ተሰበሰበ። በውዱእ ታጥቤ፣ በመካ አቅጣጫ ወደ ቂብላ ዞሬ፣ ሕፃኗን በክንዴ ላይ አስተኝቼ በቀኝ ጆሮዋ የሶላት ጥሪውን አዛን፣ በግራ ጆሮዋ የሶላት መቆሚያውን ኢቃም አሰማኋት። አንድ ቃል አልተሳሳትኩም። ከዚያ ስሟን ሦስት ጊዜ መጥራት ነበረብኝ። ጎንበስ አልኩ፤ የወተት ጠረኗ አፍንጫዬን አወደው፤ «ስምሽ ዬተር ይሁን» አልኩ። ደገምኩት። ሦስተኛም አልኩት። እትዬ፣ ቃሌን ጨርሼ ቀና እስክል ድረስ የተሳሳትኩ አልመሰለኝም ነበር።

በአገራችን ይህ ስም ለምን እንደሚወጣ የማያውቅ የለም፤ ወላጆች ሴት በላይ በላዩ እየተወለደችባቸው ሲሰለቹ «በቃ» የሚሉበት ስም ነው። ኤብሩ ደግሞ ሦስተኛ ሴት ልጇን ታቅፋ ከአራስ ቤት ገና መውጣቷ ነበር። ቀድማ የተናገረችው ኔርሚን ሃኒም ናት። «ዱርሱን ቤይ፣ ምኑ ነው የበቃዎት? ልጄ ሦስት ጽጌረዳ ነው የወለደችው፤ ሦስት መርዶ ይዛ አልመጣችም» አለች። ሳትልሚሽ ነገሩን በሣቅ ሊያበርደው ፈልጎ ጣልቃ ገባ። ዕድሜ እንዲሰጠው እናቱ ለቅዱሱ ሰው ለወልዩ መቃብር ተስላ ሳትልሚሽ፣ «የተሸጠ»፣ ብላ እንደ ሰየመችው ታስታውሺያለሽ። «ተይ እንጂ እመቤት፣ ስም ምን ያደርጋል? እኔን እናቴ ለወልዩ ሸጣኝ ይኸው እስከ ዛሬ ገዢው መጥቶ አልወሰደኝም፤ አይቶኝ ተጸጽቶ ይሆናል» አለ። ማንም አልሣቀለትም። ኤብሩ ሕፃኗን ከክንዴ ላይ በቀስታ ወስዳ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣች። የተጠበሰው ሥጋና የቀረበው ሐልዋ ሳይነካ ሰዉ ተበተነ።

ኦርሁን ወደ ጓሮ ወስዶኝ፣ «አባዬ፣ እሷ እኮ ቁስል አላት። ሆስፒታል ሳለች አንዷ ዘመዳችን መጥታ ‹ደግሞ ሴት? አይዞሽ› ብላ ስታስለቅሳት ውላለች። እርስዎ ግን እንዲህ አይሉም ብላ ነበር የመጣችው» አለኝ። በሕይወቴ በብዙ ሕዝብ ፊት ቆሜያለሁ፤ በመስኖ ውኃ የተጣሉ መንደሮችንም አስታርቄያለሁ። ወደዚያች ክፍል የሚያስወጣውን ደረጃ ግን መውጣት አቃተኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሻንጣው ከበሩ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ወደ ማድ ቤት ገብቼ ለመንገዳቸው ከስተኔ መላጥ ጀመርኩ፤ ሌላ የማደርገው አላገኘሁም። ኤብሩ ለኤላ ወተት ልታሞቅ ገባች። ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ፣ «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጆቼ በዙብዎት?» አለችኝ። «ልጄ፣ ያንቺ ልጆች ሲሄዱ ይህ ቤት ምን እንደሚመስል ብታዪው ኖሮ ይህን አትጠይቂኝም ነበር» አልኳት። ከዚያ ስለ አንቺ ነገርኳት።

እናታችን እኔን ወልዳ ታማ አልጋ ላይ በወደቀችበት ክረምት አንቺ ራስሽ ገና ጥርስሽን የምትቀይሪ ልጅ ሆነሽ በሻሽ አዝለሽ እንዳሳደግሽኝ፣ ከጀርባሽ ላይ ካልሆነ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ፣ «እማዬ» ከማለቴ በፊት አፌን የፈታሁት በስምሽ እንደሆነ ነገርኳት። «ስለዚህ ሕፃን ታቅፌ የወተት ጠረን ሲሸተኝ አፌ የሚያውቀውን ስም ጠራ። ለእኔ የዚያ ስም ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ጀርባ ማለት ነው፣ ሙቀት ማለት ነው» አልኳት። ምድጃውን አጥፍታ ተቀመጠች።

የእኛንም ስሞች ታሪክ ጠየቀችኝ፤ እንደሚከተለው አወራኋት። አላህ ሁለቱን ታላላቆቻችንን ይማራቸውና፣ የመጀመሪያዋ ጉልሱም የአያት ስም ወረሰች። ሁለተኛዋ ሴት ስትሆን ቀጣዩ ወደ ወንድ ይዙር ተብሎ ዶንዱ፣ «ዞረች»፣ ተባለች። ሳይዞር ቀርቶ አንቺ መጣሽ፤ «በቃ» ተባልሽ። ከዚያ ሁለት ወንዶች ተወልደው በእንጭጩ ሞቱ፤ እኔ ስወለድ «ይቆይ» ብለው ዱርሱን አሉኝ። «ወላጆቻችን ስም አላወጡም፤ ለፈጣሪ ማመልከቻ ነው ያስገቡት» ብላት ፈገግ አለች። አባታችንም የቤተሰብ ስም ምረጥ በተባለበት ዘመን፣ ሹሙ «ምን ብዬ ልጻፍልህ?» ሲለው አንገቱን ደፍቶ ዝም በማለቱ ሴሲዝ፣ «ዝምተኛ»፣ ተብሎ እንደ ተመለሰ ነገርኳት። አጎታችን ግን በማግስቱ ሄዶ ስለ በቅሎው፣ ስለ እርሻውና ስለ ጥርሱ ሕመም ሲያወራ ስለ ዋለ ጉርሴስ፣ «ድምፀ ብርቱ»፣ ተባለ። የአንድ እናት ልጆች በዚህ ዓይነት እንደ ባዕድ በሁለት የቤተሰብ ስም ቀሩ። በመጀመሪያው ምርጫዬ ጊዜ ተቃዋሚዎቼ በገበያ መሐል፣ «ጎበዝ፣ የሰውየው ስም ራሱ ‹ይቆይ ዝምተኛው› ነው። እቤቱ ተቀምጦ ዝም ይበል እንጂ ምን ብላችሁ ትመርጡታላችሁ?» እያሉ ሲቀልዱብኝ ሕዝቡ ወሬኛ ከንቲባ ሰልችቶት ኖሮ መረጠኝ። ይህን ስነግራት ኤብሩ ሣቀች፤ ዱሩና ኤላም ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ መጥተው እግሬ ሥር ተቀመጡ።

ሣቋ ሳያልቅ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እሳቸውስ? እትዬ ዬተር ስማቸውን ይወዱታል?» አለችኝ።

እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ኖረን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም። ስምሽ ለእኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለአንቺ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። በምንጩ ዳር ልጆች «በቃ መጣች፣ በቃ ሄደች» እያሉ ሲከተሉሽ ማድጋሽን ተሸክመሽ ፊትሽን ሳታዞሪ ስትሄጂ ትዝ ይለኛል። ያኔ ልጆቹን የናቅሻቸው ይመስለኝ ነበር። ብሬመን ከገባሽበት የዓሣ ፋብሪካ ለመጀመሪያ ዕረፍት ስትመጪም ከአውቶቡሱ ወርደሽ ሻንጣሽን እየሰጠሽኝ፣ «እዚያ ስሜ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ዕረፍት ነው» ያልሽኝ ትዝ ይለኛል። ስለ ሥራው ድካም የምታወሪ መስሎኝ አልፌው ነበር። አሁን ያ ቃል እየተመላለሰ ይጠይቀኛል፤ መልሱ ያለው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው።

አለማወቄን ለኤብሩ አልደበቅኳትም፤ «አላውቅም፤ ጠይቄያት አላውቅም» አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያው ይጠየቁ። የሰው ስም ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ልጄ ላይ አይቀመጥም፤ ባለቤቱ ሳይናገርም አይነሣም» አለች። ኢማማችንን አማክሬ ነበር፤ በስሕተት የተጠራ ስም ቢነሣና ሌላ ቢጠራ ነውር የለውም ብለውኛል። ኤብሩ ግን መልስሽ እስኪመጣ ድረስ ሌላ ስም በሕፃኗ ጆሮ አይጠራም ብላለች። ኔርሚን ሃኒም «ልጅ ያለ ስም ምን ተብላ ትጠራለች?» ብላ ብትቆጣም ኤብሩ አልተበገረችም። ሻንጣው ግን ከበሩ ተነሥቶ ወደ ላይ ተመለሰ፤ አንድ ሳምንት ጨምረው ሰነበቱልኝ።

ስለዚህ እትዬ፣ ልጠይቅሽ የምፈልገው ይህንን ነው። ስምሽን ትወጂዋለሽን? በልጅነትሽ ከቆሰልሽበት፣ ሌላ ሴት ልጅ እንድትሸከመው የማትፈልጊ ከሆነ፣ አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ፤ ወደ አንካራ ሄጄ ሕፃኗን እንደገና ታቅፌ ኢርማክ ብዬ እጠራታለሁ፤ የአንቺም ስም በክብር ካንቺው ጋር ይኖራል። ከወደድሽው ደግሞ ኢርማክ የአደባባይ ስሟ ይሆናል፣ ዬተር ደግሞ የእትብት ስም የምንለው፣ እኛ ቤተሰቦቿ ብቻ የምናውቀው ስሟ ይሆናል። ይህንንም ኤብሩ በአንድ ነገር ብቻ ትፈቅዳለች፤ በእኔ አፍ አይደገምም። «መንገዱን ከቻሉ በፀደይ መጥተው እሳቸው ራሳቸው በጆሮዋ ይንገሯት፤ ከእሳቸው አፍ ከሰማችው ‹በቃ› ማለት እንዳልሆነ ታውቃለች» ብላለች። ስም የምታወጣ ሴት አይተን አናውቅም የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ለእነሱ መልስ መስጠት የእኔ ድርሻ ይሁን።

እኔን ለማስደሰት ብለሽ እንዳትመልሺ እለምንሻለሁ። እምቢ ብትዪ ቅንጣት ቅር አልሰኝም፤ ከልብሽ ያለውን መስማት ብቻ ነው የምሻው። ወደ ሌላ ሰው እንዳይደርስብሽ የፈራሽው ነገር ካለ፣ ሴቪም ካጠገብሽ ተነሥታ እንድትሄድ ንገሪያትና ራስሽ በእጅሽ ጻፊልኝ፤ የእጅ ጽሑፍሽ ቢንቀጠቀጥም አነበዋለሁ።

ከዚህ ሰላምታ የሚያቀርቡልሽን ላስታውቅሽ። ሳትልሚሽ «ብሬመን ውስጥ ገዢ ካለኝ ጠይቂልኝ» ብሏል። ኦርሁን እጅሽን ይስማል። ኔርሚን ሃኒም ቁጣዋ በርዶላት ሰላም ብላሻለች፤ የከስተኔ ማርማላታም ልካልሻለች። ዱሩና ኤላ በስልክ ፎቶግራፍሽን ሲያዩ ውለው «አያታችን ናት?» ብለዋል። ለሴቪም ስለ ልፋቷና ስለ ትዕግሥቷ፣ ለቱርጉት ስለ ሰጠሽ ክብር ያለኝን ምስጋና በቤታችን ሁሉ ስም አቀርባለሁ። ኤረን የተያያዘውን ትምህርት በማዕረግ እንዲፈጽምና ብዙዎችን የሚያድን እጅ እንዲኖረው፣ አንቺም ጤና አግኝተሽ ፀደይን በእግርሽ ቆመሽ እንድትቀበዪ ከልብ እመኛለሁ። ኤብሩም እጅሽን ስማ ጉልበትሽን ታቅፋለች።

በመጨረሻ ሰላም የምትልሽ ሕፃኗ ናት። ሰላምታዋን የማቀርብልሽ ገና ያለ ስም ነው፤ የምትጠራበትን ከአንቺ ትጠብቃለች።

ታናሽ ወንድምሽ ዱርሱን ሴሲዝ

ኡዙንቻይ፣ ካስታሞኑ
ኖቬምበር 17 ቀን 2019