ጣሪያ ላይ የወጣው አባትህ

ለልጄ ለማውቲን፣ አቢጃን፤

ከሌጎስ ውሃ ላይ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

የስልኩ ካርታ ውሃው ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆመውን ሰፈራችንን ባዶ ውሃ አድርጎ ቢያሳየው አባትህ፣ «ስድሳ ዓመት ዓሣ ነበርኩ በሉኛ!» ብሎ ተቆጣ። ወጣቶች ካርታውን ሊያርሙ በራሪ ካሜራ ይዘው ሲመጡ የሠርጉን ሰፊ ቀሚስ፣ አግባዳውን ለብሶ ጣሪያ ላይ ወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ የሚፈለገው ቤቱ ነው!» ብዬ ጮህኩበት።

«ቤቱን ብቻ ካዩማ የእንጨት ክምር ነው ብለው ያልፉታል» አለኝ። ቆርቆሮው ጎብጦ ይኸው ያፈሳል።

ትናንት ደግሞ የመንግሥት ሰዎች በጀልባ መጥተው ምሰሶአችን ላይ በቀይ ቀለም ጻፉ። አባትህ፣ «በስተርጅና የቤት ቁጥር አገኘሁ» ብሎ ደስ ብሎታል። የጎረቤቶቻችን ሁሉ ቁጥርም ያው ነው።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን ለገና አድርገው። ቤቱ ፊት የተነሳኸውንም ፎቶ እንዳትጥለው።

ናፋቂህ እናትህ ሴናሚ