የሠራተኛ ሰርቪስ እንዳይዘገይ የተሰረዘው ስክሪፕት

ለተከበሩ የጤና ተቋማችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ
ሚዛን አማን

ክቡር ሆይ፣ ከነመላ ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከባለቤቴ ከሰርካዲስ ሕመም በቀር ደህና ነን። ሐኪሟ መድኃኒት ለመጀመር የደም ምርመራ ውጤቷን ይጠብቃል፤ ውጤቱ ደግሞ በእርስዎ ሰርቨር ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። «ሲስተም የለም» መባል ስለሰለቸኝ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገደድኩ።

፩ኛ. እርስዎ ዘንድ የሚሠራው የቀድሞ ተማሪዬ ሲላስ፣ መቆሚያ መቀመጫ ባሳጣሁት ጊዜ፣ ነገሩን አስረዳኝ። ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራው ያ ሰርቨር ሲዘጋ የሚፈጽማቸው ተራ በተራ የተጻፉ ትዕዛዞች፣ ስክሪፕት የሚሉት፣ ነበረው፤ መጀመሪያ የምርመራ ውጤቶቹን ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ የመረጃ ማኖሪያውን፣ ዳታቤዙን፣ ይዘጋል፣ በመጨረሻ ራሱን ያጠፋል። ይህ ጥቂት ደቂቃ ስለሚወስድና የሠራተኛ ሰርቪሱ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባ ስለሚያስጮኽ፣ እርስዎ ስክሪፕቱን አሰርዘው፣ በመውጫ ሰዓት ጥበቃው አቶ ሸምሱ ከቆጣሪው እንዲያጠፉት አዘዙ፤ ያልተቀመጠው ውጤትም አብሮ ይጠፋል። ሠራተኞችዎ በጊዜ ቤታቸው ስለሚገቡ እጅግ ደስ ብሎናል፤ እናመሰግናለን።

፪ኛ. ጠዋት ሲበራም ቅደም ተከተሉ የተዛባ ነው። ዳታቤዙ ሳይነሳ የላቦራቶሪው ፕሮግራም ቀድሞ ይነሳና የሚያናግረው አጥቶ ይቆማል። ሲላስ የማስነሻውን ስክሪፕት ላስተካክል ቢልዎ «በኮሚቴ ይታይ» አሉት። የጠየቀው የቡና ለቀማ ሲጀመር ነበር፤ ይኸው ለቀማው አልቆ እንኳ ኮሚቴው አልተሰበሰበም። ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ።

፫ኛ. የጠፋው ውጤት በሌላ ደም ይተካል ማለትዎ ግን፣ ወይ ጉድ! ሰርካዲስ ከሸኮ በሚኒባስ እየተንገላታች በመጣች ቁጥር እንደ አዲስ ደም ይወስዱባታል፤ ክንዷ በልዟል። ሐኪሙ ጊዜ የለንም ብሎናል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ደክሞኛል፤ ፈርቻለሁም።

ሌላ አላስቸግርዎም። ስክሪፕቱን ይመልሱልን፣ ሰርቪሱም ትንሽ ይጠብቅ።

ማሽንዎ በሰላም እንዲያድር፣ እርስዎም እንደ ልማድዎ በሰዓቱ ቤትዎ እንዲገቡ ከልብ እየተመኘሁ፣ ደጅዎን በመጥናት ያረጀሁት ታዛዥዎ፣

ወልደጻድቅ፣ ጡረተኛ መምህር
ከሸኮ

ማስታወሻ፦ ሰርካዲስ ዛሬ አልሄድም ብላ ቀርታለች። «እስካሁን የወሰዱብኝን ደም ለአንዲት ወላድ ሰጥተውት ቢሆን፣ ቢያንስ አንድ ሰው ይድን ነበር» ትላለች። መልሱ እርስዎ ዘንድ ካለ ቶሎ ይላኩልን።