ጨው ስለበላቸው ዐሥራ ሁለት የጎተራ ብረቶች

ለተከበሩ አዛዥ ፀሐዬ፣ የእንጦጦ እህል ጎተራ ሥራ አዛዥ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የየካው ቀጥቃጭ ቱሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ የእርስዎም ጤና ከጎተራዎ እግር የጠና እንዲሆን ዘወትር እጸልያለሁ። ፊደል ስለማልቆጥር ይህን የሚጽፍልኝ ደብተራ አካሉ ነው። ሦስት ጊዜ ደጅ ጠንቼ ፊትዎን ለማየት ስላልታደልኩ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየካ ሚካኤል ደጅ ለሕዝብ እንዲያነብልኝ ለምኜዋለሁ።

፩ኛ፦ ጎተራው የየካ ቁልቁለት ላይ ነውና በጥድ ፈንታ ከባሕር ማዶ በመጣ ብረት ይቁም ብለው ማዘዝዎ ታላቅ አስተዋይነት ነበር። የዐሥራ ሁለቱንም ጫፍ ያሾልኩት እኔ ነኝ። ከአፈሩ ሥር ባለው፣ በጥፍር በሚፋቀው ነጭ ድንጋይ ውስጥ ያለ ድካም ገቡልን፤ ድንጋዩ ግን ለብረት እንደተመቸ ለውሃም የተመቸ ነውና ክረምት የጠጣውን እስከ ጥር አይለቅም።

፪ኛ፦ አባቶቻችን የእንጨት ምሰሶ ሲተክሉ ምስጥ እንዳይበላው ጉድጓዱ ውስጥ አመድና ጨው ይጨምሩ ነበር። እርስዎም ወጉ እንዳይቀር ብለው በየብረቱ ዙሪያ የተወቀጠ አሞሌ አስጠቀጠቁ። ብረት የሚበላ ምስጥ እስከ ዛሬ በየካ ባይታይም፣ ቢመጣስ ብሎ መጠንቀቅ የትልቅ ሰው ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት ከአንዱ ሥር አፈሩን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ከመሬት በላይ ያለው አሁንም ክንዴን ያህላል፤ አፈሩና ድንጋዩ በሚገናኙበት ቦታ ግን ጨውና ውሃ ተባብረው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ልጠውት አውራ ጣቴን አክሏል።

፫ኛ፦ ይህን ባመለክት፣ ሰዎችዎ ብረቱን የበላው የቀጥቃጭ ዓይን ነው፣ ቡዳ ነው ብለው ወደ ጎተራው እንዳልደርስ ከለከሉኝ። አመሰግናለሁ። ዓይኔ ድንጋይ ሰርስሮ ብረት የሚቆርጥ መሆኑን ሳላውቅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በመዶሻና በወናፍ በከንቱ ስደክም ኖሬያለሁ።

፬ኛ፦ ከጎተራው ወለል በታች፣ በእነዚያው ብረቶች መካከል፣ ስድስት ሴቶች እህል ይፈጫሉ። አንዷ ልጄ ዲንቄ ናት። ወጥተው ሜዳ ላይ ይፍጩ ብዬ ብለምን፣ ዱቄቱን ነፋስ ይወስደዋል የሚል መልስ መጣልኝ፤ ለዱቄቱ እንዲህ ማሰብዎ ያስደንቃል። የቀረች ፈጪ ትገረፍ ብለው ስላዘዙም ልጄ በየማለዳው ትሄዳለች፣ እኔም እስክትመለስ ጆሮዬን ወደ ቁልቁለቱ አቅንቼ እውላለሁ። ዘንድሮ እህሉ ጣሪያ ደርሷል፣ ዝናቡም ጀምሯል። እፈራለሁ አዛዥ።

የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኔ ለቅሶውን ጀምሬያለሁ። ይህ ደብዳቤ አንድ ብረት እንደማያስለውጥ፣ አንዲት ፈጪም እንደማያስወጣ አውቃለሁ፤ ያስጻፍኩት አልሰማሁም እንዳይሉ ብቻ ነው።

የቀረው ብረትዎ እንዳይዝግ ዓይኔን በአክብሮት ጨፍኜ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

የዲንቄ አባት፣ ቀጥቃጩ ቱሉ
ግንቦት ፳፰ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓመተ ምሕረት

ዳግመኛ፦ ጎተራው በተናደ ቀን መቆፈሪያ ፍለጋ እንዳትቸገሩ ስድስት ዶማ ቀጥቅጬ ከቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ዘንድ አስቀምጫለሁ። ጨው አላስነካኋቸውም።