ጉጉፍቱ ላይ ያወረድኩት ሰው

ኅዳር 23

ከመካነ ሰላም በጠዋት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ተሳፋሪ ሙሉ፣ መንገዱ ደህና። ብርዳሙ ጉጉፍቱ ላይ ግን የፊት መስታወቴ ታወረ። ከፊቴ የጭነት መኪና ነበር፤ አቧራው ከጭጋጉ ጋር ተቀላቅሎ ጭቃ ሆነ። ውሃ መርጫውን ብጫነው ብጫነው ጠብ አይልም። አፉ ላይ በረዶ ሠርቷል። ጠራጊው ጭቃውን አዳረሰው እንጂ አልጠረገውም። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ነው የነዳሁት። አንዲት በቅሎ ከነጭነቷ ለጥቂት ተረፈች።

ወርጄ በጨርቅ ጠረግኩት። ጣቶቼ እስካሁን ደንዝዘዋል።

ኅዳር 24

ፈንታሁን ጋ ሄድኩ። ደሴ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሻን። ኮፈኖውን ከፍቶ ሳቀ።

«ይማም፣ ይቺ ሚኒባስ እኮ በረዶ አገር የኖረች ናት። መርጫዋ ማሞቂያ አለው።»

የቱ ጋ? አሳየኝ። ውሃው የሚወጣበት ቁራጭ ፕላስቲክ፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች። ሞተር ሲነሳ ኤሌክትሪክ ይገባዋል አለኝ። ውስጡ ያለችው ማሞቂያ ሲበርዳት ብዙ ትስባለች፣ ስትሞቅ ራሷ ትቀንሳለች። ለዚህ ነው ፕላስቲኩን የማታቀልጠው። ውሃው የሚጠራቀምበትን ጋን ግን አታሞቅም፤ የመርጫውን አፍ ብቻ። መጀመሪያ በረዶ የሚይዘው እዚያች ቀዳዳ ላይ ነዋ። እዚያ አገር ጋኑ ውስጥ ደግሞ አልኮል ያለበት ውሃ ይጨምራሉ... እንዳይረጋ።

የኔ ለምን አይሠራም? ሽቦው የሆነ ቦታ ተበጥሷል።

«ቅዳሜ አምጣትና እፈልገዋለሁ። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።»

ቅዳሜ! ተሳፋሪ የሚበዛበት ቀን። እሺ ብዬው ወጣሁ። እንደማልሄድ እያወቅኩ።

አልኮል ያለበት ውሃ...

ኅዳር 29

አረቄ ገዛሁ። እኔ! አረቄ ሻጯ ይርገዱ ቤት በጓሮ በር ገባሁ።

«ይማም? አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?»

«ለመኪና ነው።»

ሳቀች። «ሁሉም የሚለው አያጣም።»

ለእጮኛዬ ለፈርሂያ አልነገርኳትም። ኒካችን ለጥር ተቆርጧል። አባቷ ሐጂ ሙሄ የሚጠጣ ሰው በደጃቸው ሲያልፍ እንኳ ደስ አይላቸውም። ብነግራትስ ምን ነበረበት? ለመስታወት ነው ብል? ትስቅ ነበር። ግን አልነገርኳትም።

ግማሹን አረቄ፣ ግማሹን ውሃ አድርጌ ጋኑ ውስጥ ጨመርኩት።

ታኅሣሥ 3

መጻፍ አልፈልግም።

ሐጂ ሙሄ ለሕክምና ደሴ ይሄዱ ነበር። ጋቢና፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ደስ ብሎኝ ነበር። ቀስ ብዬ ነዳሁ፣ ቁርአን ከፈትኩላቸው። ጉጉፍቱ ላይ እንደለመደው መስታወቱ ጭቃ ለበሰ። መርጫውን ተጫንኩ። ወጣ! ሁለት ጊዜ ሲጠርግ መንገዱ ወለል አለ። ሐጂም «ማሻአላህ» አሉ።

ከዚያ ሽታው መጣ። የመኪናው ማሞቂያ ክፍት ነበር፤ አየር የሚስበው ከመስታወቱ ሥር ነው። በአንድ አፍታ መኪናው አረቄ ቤት ሆነ።

ሐጂ አፍንጫቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙ። «አዑዙ ቢላህ! ይሄ ከየት ነው?»

ወደ እኔ ዞሩ። ትንፋሼን ያሸተቱኝ መሰለኝ።

ከኋላ አንዲት ሴት «እኒህ ሰውዬ ናቸው! ጄሪካን ይዘዋል» አለች። ዞር ብዬ አየሁ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ገበሬ፣ ጄሪካናቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው።

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ ጠበል ነው ልጆቼ። ልጄ ከሳዑዲ ተባርራ፣ ታማ መጥታብኝ... ለሷ ነው። ቅመሱት።»

ክዳኑን ከፈቱ። ማንም አልቀመሰም። «ጠጥቶ ነው» የሚለው በዛ።

አንድ ነገር ማለት ነበር የሚበቃኝ። «መርጫው ውስጥ ነው፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት።» ይሄው ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሐጂ እያዩኝ ነው። አረቄ ቤት ገባህ ወይ ይሉኛል...

መኪናዋን አቆምኩ። «ውረድ!» አልኩ።

አንተ ብዬ። አባቴ የሚሆን ሰው።

ሐጂ ራሳቸው «ኧረ ተው፣ ብርዱን አታየውም? መስኮት እንክፈት» አሉኝ። «አይ ሐጂ፣ ሥርዓት ነው» አልኩ። ሥርዓት! ይሄን አፌን...

ሰውየው አልተከራከሩም። ወረዱ። በስፖኪዮ አየኋቸው፤ ጄሪካኑን መሬት አስቀምጠው ጋቢያቸውን ያጣፋሉ። ሣሩ በውርጭ ነጭ ነበር።

አላበቃም። ደሴ መናኸሪያ ሁሉም ወርዶ፣ ሐጂም ሄደው፣ አንዲት ልጅ መጣች። ከንፈሯ ደርቋል። በእጇ አንድ ፌስታል ብቻ።

«ከመካነ ሰላም ነው? አባቴ በዚህ መኪና ነው የሚመጣው። ጋሹ ይባላል። ጋቢ የለበሰ...»

«አላየሁም» አልኳት።

አጠገቤ ማንም አልነበረም። ማንን ፈርቼ ነው?

ታኅሣሥ 4

ስመለስ ጉጉፍቱ ላይ ባለ ሻይ ቤቷን ጠየቅኩ። «አንድ ሽማግሌ? አዎ። የሚጭነው አጥቶ ወደ ደሴ በእግሩ ሄደ። እያነከሰ ነበር» አለችኝ።

ሻዩን ሳልጠጣው ወጣሁ።

ታኅሣሥ 5

አገኘኋቸው። ደሴ መናኸሪያው ግንብ ሥር ተቀምጠው ለሚገባው መኪና ሁሉ ይነሳሉ። ሲያዩኝም ተነሱ። ይሰድቡኛል ብዬ ቆምኩ።

«የኔ ልጅ፣ ያን ዕለት አስቸገርኳችሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

እሳቸው! እኔን!

ልጃቸውን አላገኟትም። እስኪመሽ ስታለቅስ ጠብቃ፣ ማን እንደወሰዳት እንጃ፣ ሄደች ብለዋቸዋል ጫኝና አውራጆቹ። ስልኳም አይሠራም።

«አባባ» አልኩ፣ «ሽታው ከእርስዎ አልነበረም። የኔ ነው። የመስታወቱ ውሃ ውስጥ አረቄ ጨምሬ ነበር። እያወቅኩ ነው ያወረድኩዎት።»

ብዙ አዩኝ። ስለ አረቄው አንድ ነገር አልጠየቁም።

«ልጄንስ አይተሃታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ምን አለችህ?»

«እርስዎን ጠየቀችኝ... አላየሁም አልኳት።»

ቁጭ አሉ። አልተሳደቡም፣ አልረገሙኝም። ጄሪካናቸውን ወደ ራሳቸው ስበው ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። ላሳፍርዎ ብል እንቢ አሉ። በሌላ መኪና ነው የተመለሱት።

ታኅሣሥ 7

ፈንታሁን ሽቦውን አገኘው። ባትሪው አጠገብ ነው የተበጠሰው። የያዝኩትን ሻይ ሳልጨርስ ቀጠለው። መርጫውን በጣቴ ነካሁት፤ ለብ አለኝ። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም።

ታኅሣሥ 10

ሐጂ ሙሄ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፈርሂያ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ትንፋሿን ሰምቻለሁ። ስለ ልጅቷም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ሐጂ «አረቄውንስ መኪናዋ ናት የጠጣችው» አሉ። «ሰውየውን ያወረድከው ግን አንተ ነህ። እኔን ደግሞ አጠገብህ አስቀምጠህ።»

ኒካው ይቆይ አሉ። እስከ መቼ? አልጠየቅኩም።

ጥር 6

አባባ ጋሹ ቤቴ ድረስ መጡ። ልጃቸው ሰርካለም ለጎረቤታቸው ደውላለች። ኮምቦልቻ ናት፣ ከሳዑዲ አብራት የተባረረች ጓደኛዋ ቤት። «አንተ ውሰደኝ» አሉ። ለምን እኔን? እሳቸውም አልነገሩኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ጥር 7

ኮምቦልቻ ደረስን። ከግቢው ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ከስታለች።

«አንተ... አላየሁም ያልከኝ!»

ጓደኛዋ አለች፣ ጎረቤት ወጥቷል። ፊቴ ጋለ። «አይቻቸው ነበር» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ጉጉፍቱ ላይ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ። ምንም አላጠፉም። አንቺንም ዋሽቼሽ ነው።»

ወደ አባቷ ዞረች።

«መጥተህ ነበር?»

«መጥቼ ነበር እንጂ።»

«ባዶ እጇን መጣች ብለህ የተውከኝ መስሎኝ...»

«በእግሬ መጣሁ ልጄ። ደረስኩ፣ ግን አጣሁሽ።»

እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች። እሳቸው ራሷን በእጃቸው ደግፈው ቆሙ። እኔ ልብሷ ያለበትን ፌስታል ይዤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

በመመለሻችን ሁለቱም ጋቢና ነበሩ። አቀስታ ላይ አባባ ጋሹ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። እየነዳሁ በላሁት፤ ሰርካለም መንገድ መንገዱን ታያለች።

መካነ ሰላም ስትወርድ በሩን ያዝኩላት። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

«ይቅር አላልኩህም» አለች። «ገና ነው።»

«እሺ» አልኳት።