ቁጥር የሌለው ወንበር

ፖላቺ፣ በፖንጋል በዓል ማግስት

ለምሳሳልህ ልጄ ለኢላንጎ፣

ደህና ነህ ወይ? ሲንጋፖር ዝናቡ አያባራም ይላሉ፤ ደረትህን ሸፍን።

ጋዜጣው ያወጣውን ታሪክህን፣ ከአውቶቡስ ታፔላ በለቃቀምኳት ፊደል ቀስ ብዬ አነበብኩት። «ርካሽ አየር መንገድ የማቋቋም ሐሳብ ብቻዬን ሳለሁ መጣልኝ» ብለሃል። ወንበሩ ቁጥር የሌለው፣ ቀድሞ የገባ የሚቀመጥበት፣ ቶሎ ሞልቶ ቶሎ የሚነሳ። ጥሩ ተጽፏል። የአባታችሁን አውቶቡሶች ሲያስተዳድር የኖረው ወንድምህ ቬላን ግን «ሰው በመስኮት ፎጣ ወርውሮ ወንበር ይይዝ የለ? አውሮፕላንም እንደዚያ ነው የሚሞላው» ሲልህ፣ አንተም ሩዝህን ትተህ ስትስቅበት እዚያው ነበርኩ። አባታችሁ ሞቶ ድርሻዬን በሙሉ ላንተ ስፈርምም እስክሪብቶ ያቀበለኝ እሱ ነው።

ስለ አየር መንገድህ ፊልም የሚያነሱት ሰዎች መጥተው ሄዱ። በስልክ «አማ፣ ቬላን አናን ጓሮ ክፍል አስገቢው። እሱ ለሃጩን እያዝረከረከ ማን ትኬት ይገዛልናል?» ብለህ ስቀህ ነበር። አስገባሁት። ግማሽ ጎኑ ከሰነፈ ወዲህ ብዙ ስለማይናገር ዝም ይላል ብዬ ነበር። አብራቸው የመጣችው ጋዜጠኛ ልጅ ስለ መጀመሪያው በረራ ስትጠይቀኝ፣ ከጓሮ «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ፣ ገና ሁለት ሰው ይይዛል» ብሎ ጮኸ፤ ድሮ መናኸሪያ እንደሚጮኸው።

«ማነው እሱ?» አለችኝ።

«የቤት ሠራተኛ ነው። ትንሽ ራሱን ያመዋል» አልኳት።

የጓሮው በር ክፍት ነበር።

በማግስቱ ለቁርሱ ኢድሊ ይዤለት ስገባ አልጋው ላይ የለም። እየተንፏቀቀ፣ ልብስ አጣቢዋ ከምትበላበት ከኋላ በር ደርሷል። የያዝኩትን ሳህን ገፍቶ የእሷን የቆርቆሮ ሳህን አሳየኝ።

«በዚህ ይሁንልኝ፣ እመቤቴ» አለ።

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ይኸው እስከ ዛሬ ካላዘዝኩት አይበላም፣ ካልፈቀድኩለት አይተኛም። ሐኪሙን ጠርቼ ነበር፤ አእምሮው ምንም አልሆነም አለኝ።

ለአየር መንገድህ አሥረኛ ዓመት በዓል ከፊት ወንበር ይዤልሻለሁ ብለሃል። አልመጣም። ይልቅ ደውልለትና እንደ ልጅነትህ «አና፣ ታላቄ» በለው። ላንተ ይመልስ ይሆናል። እኔማ ትናንት እግሩን እያጠብኩ «ልጄ» ብለው፣ ዞር ብሎ በሩን አየና፣

«እሳቸው ሲንጋፖር ናቸው፣ እመቤቴ» አለኝ።

አውሮፕላኖችህ በሰላም ይነሱ፣ በሰላም ይረፉ። ሙሩጋን ከክፉ ይሰውርህ።

እናትህ
ቼላማል